የመኪናውን ጎን ተዉት፣ ሆዱን እዩት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ። ሦስቱም ከአዳማ ናቸው፣ ሦስቱም ስለ መኪናና ስለ አየር ይጠይቃሉ። የነፋስ ከተማ ልጆች ይሄን ቢጠይቁ አይገርመኝም። የመጀመሪያው ጥያቄ ረጅም መልስ ስለሚፈልግ ሰፊውን ቦታ ለእሱ ሰጥቻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ፍራንኮ አካባቢ ባጃጅ እነዳለሁ። እኔና ጓደኛዬ እሁድ እሁድ ዲኤስቲቪ ያለበት ካፌ ተገናኝተን የፎርሙላ 1 የመኪና ውድድር እናያለን። እኔ የመርሴዲስ ነኝ፣ እሱ የፌራሪ። እስካሁን ያልተቋጨ ክርክር አለን። በ2022 አዲሱ ሕግ ሲመጣ ሦስቱ ትልልቅ ቡድኖች ሦስት የማይመሳሰል መኪና ይዘው መጡ። የመርሴዲስ ጎኑ የለም ማለት ይቻላል። የፌራሪ ጎኑ ሰፊ ሆኖ ከላይ እንደ ገንዳ ጎድጉዷል። የሬድ ቡል ደግሞ ከስሩ ተቦርቡሮ ወደ ኋላ ቁልቁል ይወርዳል። ሕጉ አንድ ከሆነ እንዴት ሦስት መልስ ወጣ? ጓደኛዬ "መርሴዲስን የገደለው ያ ቀጭን ጎኑ ነው" ይላል። እኔ አልተዋጠልኝም። ማን ነው ልክ?

የባጃጅ ሾፌር፣ አዳማ

መልስ

ወንድሜ፣ መልሱን መጀመሪያ ልንገርህ፤ ምክንያቱን ቀስ ብለን እናየዋለን። መርሴዲስን በዋናነት የጎዳው ሆዱ ነው። ከአስፋልቱ ጋር ፊት ለፊት የሚተያየው የመኪናው ወለል ማለቴ ነው። ጎኑ ደግሞ ያንን ሆድ የሚገባውን ያህል አላገዘውም። ጓደኛህ ጥፋቱን ያየው በዓይን በሚታየው ቦታ ላይ ነው፤ ትልቁ ጥፋት ግን ካሜራ የማይደርስበት ቦታ ነበር።

ነገሩን አንተ በሰውነትህ ታውቀዋለህ። ሲኖትራክ በፍጥነት ተጠግቶህ ሲያልፍ ምን ይሰማሃል? መጀመሪያ አየሩ ገፋ ያደርግሃል። ወዲያው ደግሞ ባጃጅህ ወደ መኪናው ሳብ ይላል፣ መሪውን ጠበቅ አድርገህ ካልያዝክ ያስደነግጣል። በአንተና በእሱ መሀል ያለው ቦታ ጠባብ ስለሆነ እዚያ የገባው አየር ይፈጥናል፤ አየር ሲፈጥን ደግሞ ግፊቱ ይወርዳል፤ ከወዲያ በኩል ያለው ግፊት ግን እንዳለ ስለሆነ አንተን ወደ ጠባቡ ቦታ ይገፋሃል። አሁን ያንን ጠባብ ቦታ ከጎንህ አንስተህ ከመኪና ሆድ ስር አድርገው። መኪናው ወደ መሬት ይሳባል ማለት ነው።

ከ2022 እስከ 2025 የሠራው ሕግ የፈቀደው ይሄንን ነበር። ከወለሉ ስር ሁለት ረጃጅም ቦዮች ነበሩ። ከፊት ሰፋ ይሉ፣ መሀል ላይ ይጠቡ፣ ወደ ኋላ ደግሞ ከፍ እያሉ እንደገና ይሰፉ ነበር። ወደ ታች ከሚጫነው ኃይል፣ ማለትም ዳውንፎርስ ከሚባለው፣ ከግማሽ በላይ ይመጣ የነበረው ከዚያ ነው። ሕጉ የወጣበት ዓላማም ግልጽ ነበር። የድሮዎቹ መኪኖች በትንንሽ ክንፎች የተሞሉ ስለነበሩ ከኋላቸው የተበጠበጠ አየር ይተዉ ነበር። አዘጋጆቹ ባወጡት ስሌት መሠረት ከፊቱ ካለው መኪና በ10 ሜትር ርቀት የሚከተል መኪና 46 በመቶ የሚሆነውን ዳውንፎርስ ያጣ ነበር። በአዲሱ ቅርጽ ይሄ ወደ 18 በመቶ ይወርዳል ተባለ።

ሐሳቡ አሮጌ ነው። ሎተስ የተባለው ቡድን በ1977 ጀመረው፣ በ1978 ማሪዮ አንድሬቲ በሎተስ 79 የዓለም ሻምፒዮን ሆነበት። በዚያው ዓመት ብራብሃም የተባለ ሌላ ቡድን ከመኪናው ኋላ ትልቅ ፋን ገጥሞ አየሩን ከስር እየመጠጠ መጣ። ሾፌሩ ኒኪ ላውዳ ስዊድን ላይ አሸነፈበት፣ ከዚያ በኋላ ግን ያ መኪና ለውድድር አልወጣም። መኪኖቹ መዞሪያ ላይ ከሚገባው በላይ እየፈጠኑ አደጋው ስለከበደ ከ1983 ጀምሮ ጠፍጣፋ ወለል ግዴታ ሆነ። ስለዚህ በ2022 የነበሩት አብዛኞቹ መሐንዲሶች ይሄን ነገር በመጽሐፍ እንጂ በእጃቸው አያውቁትም።

አሁን ወደ ጎኑ እንምጣ። ሳይድፖድ ይሉታል፣ ከሾፌሩ ግራና ቀኝ ያለው ክፍል ነው። ውስጡ ራዲያተር አለ፣ ከጎን ሲጋጭ ሾፌሩን የሚጠብቅ ጠንካራ አካልም አለ። ውጪው ግን ሌላ ሥራ ይሠራል። የፊት ጎማ ሲሽከረከር አየሩን በጣም ያምሰዋል። ያ የታመሰ አየር ወለሉ ስር ከገባ መሳቡ ይደክማል። ጎኑ ይሄን ቆሻሻ አየር ማባረር አለበት፣ ንጹሑን ደግሞ ወደ ኋላ ማድረስ አለበት። እንዴት የሚለው ላይ ነው ሦስቱ የተለያዩት።

ፌራሪ "ጎኑን ሰፊ አድርጌ የጎማውን አየር ወደ ውጪ እገፋዋለሁ፣ ከላይ ባለው ጉድጓድ ደግሞ ጥሩውን አየር ወደ ኋላ ክንፍ እወስዳለሁ" አለ። ከላይ ያሉት እንደ ዓሣ ስንጥብ የተደረደሩ ቀዳዳዎች የሞተሩን ሙቀት ያስወጣሉ። ሬድ ቡል ጎኑን ከስር ቦርቡሮ አየሩ የወለሉን ጠርዝ ይዞ እንዲሮጥ አደረገ፤ ከላይ ያለውን ደግሞ ቁልቁል አውርዶ ከኋላ ጎማዎች መሀል አስገባው። መርሴዲስ ራዲያተሮቹን ጠቅጥቆ ጎኑን አጠፋው ማለት ይቻላል። በየካቲቱ የባርሴሎና ሙከራ ላይ እንደማንኛውም መኪና ጎን ነበረው። መጋቢት ላይ ባህሬን ሲደርስ ጎኑ የለም። ያን ቀን የነበረውን ግርምት አስታውሳለሁ፤ ብዙ ሰው ዋንጫው አለቀ ብሎ ነበር። ስምንት ተከታታይ ዓመት፣ ከ2014 እስከ 2021፣ የቡድኖቹን ዋንጫ የወሰደ ቡድን ነው እንዲህ ያለ ነገር ይዞ የመጣው።

ከዚያ መዝለሉ መጣ። ፖርፖይሲንግ ይባላል፤ ከውሃ እየወጣ እየጠለቀ ከሚዋኝ፣ ዶልፊን ከሚመስል የባሕር እንስሳ የመጣ ስም ነው። የእኛን ዶልፊን ሚኒባስ ፒስታ መንገድ ላይ አስበው፣ ግን በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር። ፍጥነቱ ሲጨምር ሆዱ ይበልጥ ወደ መሬት ይሳባል። ሲጠጋ ቦታው ይበልጥ ይጠባል። በጣም ሲጠጋ አየሩ ይታነቅና ማለፍ ያቅተዋል፣ መሳቡ በአንዴ ይለቃል፣ መኪናው ይነሳል። ሲነሳ አየሩ እንደገና ያልፋል፣ እንደገና ይሳባል። ይሄ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። የነፋስ ዋሻ ውስጥ የሚሞከረው ሞዴል ከ60 በመቶ መጠን እንዳይበልጥ፣ የነፋሱም ፍጥነት በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ሕግ ስላለ ይሄ ችግር እዚያ በደንብ አልታየም። አስፋልት ላይ ነው የወጣው።

የመርሴዲስ ሕመም እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተራቸው መኪናው መሬት ላይ ሊለጠፍ ምንም ሳይቀረው ሲሄድ እጅግ ብዙ ዳውንፎርስ እንደሚያገኝ ነገራቸው። እነሱም በዚያ ከፍታ ላይ ተመሥርተው ሠሩት። ውድድሩ ላይ ግን እዚያ ከፍታ ላይ መንዳት አልተቻለም፣ ይዘልላል። ከፍ ሲያደርጉት መዝለሉ ይቀንሳል፣ ግን የተመኩበት ኃይልም አብሮ ይጠፋል። አዘርባጃን ባኩ ላይ የያኔው የመርሴዲስ ሾፌር ሉዊስ ሃሚልተን ጀርባውን ይዞ ከመኪናው መውጣት ሲያቅተው አይተሃል ብዬ አስባለሁ። አራተኛ ወጥቶ ነበር ያን ቀን፣ እንደዚያ እየተሰቃየ። ለእኔ የዚያ ዓመት ትልቁ ጀግንነት እሱ ነው። በዚያው ዓመት ቤልጂየም ላይ የመዝለል ገደብ ወጣ፣ ለ2023 ደግሞ የወለሉ ጠርዝ በ15 ሚሊ ሜትር ከፍ እንዲል ተደረገ።

ሬድ ቡልስ? እነሱ መጀመሪያ የጠየቁት "ሆዱ ከመሬት ያለውን ርቀት እንዴት ሳይለዋወጥ እናቆየዋለን" የሚለውን ይመስለኛል። ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው እንዳይደፋ የፊት ሰስፔንሽኑን አሠራር ቀየሩት። አድሪያን ኒዊ፣ የያኔው ዋና ንድፍ አውጪያቸው፣ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ እያለ የመመረቂያ ሥራውን የሠራው በዚሁ ወለል በሚስበው ኃይል ላይ ነበር። ሌሎቹ ከመጽሐፍ ያነበቡትን እሱ ከወጣትነቱ ጀምሮ ይዞት ኖሯል። መኪናቸው ዝቅተኛው ከፍታ ላይ ያለው አቅም ከሁሉም የበለጠ ላይሆን ይችላል። በየከፍታው፣ በየመዞሪያው፣ ፍሬን ሲያዝም ነዳጅ ሲረገጥም ግን አይዋዥቅም። ሾፌሩ ይተማመንበታል። በ2022 ከ22 ውድድር 17ቱን አሸነፉ፣ በ2023 ከ22ቱ 21ዱን።

"መርሴዲስ ለምን ቶሎ አልቀየረውም?" እንደምትለኝ አውቃለሁ። አንዱ ምክንያት ተስፋ ነው። በ2022 መጨረሻ አካባቢ ብራዚል ላይ ሁለቱ የመርሴዲስ ሾፌሮች፣ ጆርጅ ራሰል አንደኛ፣ ሃሚልተን ሁለተኛ ወጡ፤ መንገዱ ልክ ነው ብለው ያን ጎን ይዘው ወደ 2023 ገቡ። ሌላው ደግሞ ጎኑ ብቻውን እንደ ፓራውልት ተፈትቶ የሚቀየር ነገር አይደለም። ራዲያተሩ የት ይቀመጥ፣ ሾፌሩ ምን ያህል ወደ ፊት ይጠጋ፣ ከጎን ግጭት የሚከላከለው አካል የት ይግባ የሚለው ሁሉ ከሱ ጋር የተሳሰረ ነው። ሃሚልተን ራሱ ለፊት ጎማው በጣም ቀርቤ ነው የተቀመጥኩት ብሎ አማርሯል። የወጪ ጣሪያም አለ፤ እንደ ድሮው ገንዘብ አፍስሶ በዓመቱ መሀል ሌላ መኪና መሥራት አይቻልም።

አሁን ለጓደኛህ የምትነግረው ዋናው ታሪክ ይሄ ነው። ሞናኮ፣ ግንቦት 2023። መርሴዲስ በመጨረሻ ቀጭኑን ጎን ትቶ አዲስ ጎን ይዞ መጣ። ሁሉም ዓይኑን እዚያ ላይ አድርጓል። ቅዳሜ በማጣሪያው የሰርጂዮ ፔሬዝ ሬድ ቡል ተጋጨ፣ ክሬኑም ከፍ አድርጎ አንጠለጠለው። ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ሕዝብ ሁሉ ያንን ሆድ አየ። ፎቶ አንሺዎች ተረባረቡ። የመርሴዲስም መኪና በዚያው ቀን ተንጠልጥሎ ስለነበር ሰው ሁለቱን ሆድ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ቻለ። የሬድ ቡሉ ቦዮች በየቦታው ከፍ ዝቅ የሚሉ፣ የታጠፉ፣ እርከን የበዛባቸው ናቸው። የመርሴዲሱ ሲተያይ ቀላል ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ስለ ጎን ስንከራከር መልሱ ከስር ተደብቆ ነበር።

ጎን መኮረጅ ብቻ እንደማይበቃ ደግሞ አስቶን ማርቲን አሳይቷል። በ2022 ባርሴሎና ላይ ሬድ ቡልን የሚመስል ጎን ይዞ መጣ፣ "አረንጓዴው ሬድ ቡል" ተባለ፣ ተመርምሮም ሕጋዊ ነው ተባለ። በዓመቱ መጨረሻ ሰባተኛ ነው የወጣው። መርሴዲስም ጎኑን ከቀየረ በኋላ ስፔን ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ ቢወጣም በ2023 አንድ ውድድር እንኳ አላሸነፈም።

ጓደኛህም ብዙ አይኩራ። ፌራሪ በ2022 አራት ውድድር አሸንፏል፣ የመጀመሪያውን ባህሬንን ጨምሮ፣ ያንተ ቡድን ግን አንድ ብቻ ነው። ይሄ እውነት ነው። ግን ያቺን ገንዳ የመሰለች ጎን ፌራሪም በ2023 ስፔን ላይ ትቷታል። ማክላረን ደግሞ በዚያው ዓመት ኦስትሪያ ላይ ጎኑንም ወለሉንም አብሮ ቀይሮ ከኋላ ተርታ ወደ ፊት ወጣ፤ በ2024 ከ1998 ወዲህ ያላገኘውን የቡድኖች ዋንጫ ወሰደ። ጎንና ሆድ አብረው ሲሠሩ እንዲህ ነው።

ጥያቄ

የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በ2022 መርሴዲስ ሜክሲኮ ላይ ድንገት ፈጣን ሆኖ ነበር፤ በከፍታው ምክንያት ነው ይባላል። አዳማም ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውድድር ቢኖር የመኪናው ቅርጽ መለወጥ ነበረበት?

የምህንድስና ተማሪ፣ አዳማ

መልስ

እህቴ፣ አዎ፣ መለወጥ ነበረበት። የሜክሲኮ ሲቲው መወዳደሪያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሳስቷል። ሳሳ ማለት ክንፉ የሚይዘው ነገር ቀነሰ ማለት ነው። ቡድኖቹ መዞሪያ ለበዛበት ለሞናኮ የሚገጥሙትን ትልቁን ክንፍ ይገጥማሉ፣ የሚያገኙት ዳውንፎርስ ግን ቀጥተኛ መንገድ ለበዛበት ለጣሊያኑ ሞንዛ በሚገጥሙት ትንሽ ክንፍ ከሚያገኙት ብዙም አይርቅም። የአየር ተቃውሞውም አብሮ ይቀንሳል። የዚያ ዓመቱ መርሴዲስ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ አየር የሚይዘው መኪና ነበር፤ ሜክሲኮ ላይ ያ ቅጣት ቀለለለት። ማጣሪያው ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ ወጡ፣ ውድድሩን ሃሚልተን ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ።

አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመደበኛው የከባቢ አየር ሰንጠረዥ መሠረት እዚህ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ 15 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ የአዳማ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ትንሽ ይብሳል። ስለዚህ ክንፉ ተለቅ ማለት ነበረበት። ከክንፉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ማቀዝቀዣው ነው። የሳሳ አየር ሙቀት ተሸክሞ መሄድ አይችልም። ራዲያተሩም ፍሬኑም ሰፋ ያለ መግቢያ ይፈልጋሉ። እንደዚያ መርሴዲስ ጎኑ የጠበበ መኪና አዳማ ላይ በጥር ሳይሆን በሚያዝያ ቢሮጥ ይጨነቅ ነበር።

ነፋሱን ደግሞ አትርሺ። መኪናው የሚያውቀው የአስፋልቱን ፍጥነት ሳይሆን የአየሩን ነው። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር እየሄደ 30 ኪሎ ሜትር ነፋስ ከፊት ቢመጣበት ክንፉ ላይ የሚደርሰው 230 ነው። ኃይሉ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ዳውንፎርሱ በ32 በመቶ ይጨምራል። ያው ነፋስ ከኋላ ከመጣ በ28 በመቶ ይቀንሳል። አንድ መዞሪያ ላይ ተለጥፎ የዞረ መኪና ቀጣዩ ላይ ሊንሸራተት ይችላል። ከተማው አጠገብ ኮረብታው ላይ ያሉት ተርባይኖች፣ የአዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ የአዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት፣ እዚያ የተተከሉት ነፋሱ ስለማይሰንፍ ነው። የተርባይኑን ምላጭ ቀረብ ብለሽ እዪው። ከመኪናው ክንፍ ጋር የሥጋ ዘመድ ናቸው፣ የቀለም ትምህርቱም አንድ ነው። የመመረቂያ ሥራ ርዕስ እየፈለግሽ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ቦታ ላይ አልተቀመጥሽም።

ጥያቄ

ቪትዝ አለኝ። በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ በሳምንት ሁለቴ እመላለሳለሁ። ጋራዥ ውስጥ ትልቅ ስፖይለር ባስገጥም መኪናው መሬት ይይዛል፣ ነዳጅም ይቆጥባል አሉኝ። ልመናቸው?

የልጆች አባት፣ አዳማ

መልስ

ጋሼ፣ ገንዘብዎን አያውጡ። ቪትዝዎ ከፋብሪካ ሲወጣ ከኋላ ጣሪያው ጫፍ ላይ ትንሽ ከንፈር ካለው ሥራዋን እየሠራች ነው፤ አየሩ ከመኪናው በወጉ እንዲለቅ ታደርጋለች። በግምት የሚገጠም ትልቅ ክንፍ ክብደትና የአየር ተቃውሞ ይጨምርብዎታል። እርስዎ በሚሄዱበት ፍጥነት የሚሰጠው ዳውንፎርስ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የፊት ጎማ ነጂ መኪና ላይ የኋላውን መጫን ደግሞ ጥቅሙ አይታየኝም።

ነዳጅ መቆጠብ ከፈለጉ ሁለት ነገር ይበቃል። ፍጥነትዎን ይቀንሱ፤ በ120 ሲሄዱ አየሩ የሚቃወምዎት ኃይል በ60 ከሚቃወምዎት አራት እጥፍ ነው። ሁለተኛ፣ ፖርቶመጋላ ካለዎትና ዕቃ የማይጭኑበት ከሆነ ያስፈቱት፤ ባዶውንም ቢሆን አየር ይይዛል። አዳማ ሊደርሱ ሲሉ የጎን ነፋሱ ሲያገኝዎት፣ በተለይ አይሱዙ ቀድመው ሲወጡ፣ መሪውን በሁለት እጅ ይያዙ። የከባዱ መኪና ከለላ በአንዴ ሲያልቅ ነው ነፋሱ የሚመታዎት።